አራሷና የኪራይ ወረቀቱ

የቤት ኪራይ ነገር ከተነሣ ከእናቶች መካከል ዝም ብላ የምትቀመጥ የለችም። አንዷ አከራይዋ በዓመት ሁለት ጊዜ እንደ ጨመሩባት፣ ሌላዋ ልጅ በመውለዷ ምክንያት ቤቱን ልቀቂ እንደ ተባለች፣ ሦስተኛዋ ውሃ በማብዛቷ እንደ ተቆጧት ታወራለች። እኔም በዚህ ጨዋታ ውስጥ ድርሻ አለኝ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ራሴ አከራይ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር ታናሽ እኅቴን ለማረስ ወደ አሜሪካ በሄድኩ ጊዜ ስላየሁት የኪራይ ድጋፍ ነው። አገሩ የዶላር አገር ነውና ቤት አያስቸግርም ብዬ የሄድኩ አይደለሁም። ሆኖም በዚያ አገር ያለች ሠራተኛ እናት የቤት ችግሯን በምን መንገድ እንደምትወጣ ከቅርብ ሆኜ ማየቴ ብዙ ነገር አስተምሮኛል።

እኅቴ የምትኖረው ከዋሽንግተን ከተማ ዳርቻ፣ በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ሥፍራ ነው። እዚያ አካባቢ ያገራችን ሰው ብዙ ስለሆነ እንጀራም በርበሬም አይታጣም፤ መንገድ ላይ አማርኛ የሚሰማበት ጊዜ ይበዛል። በዲቪ ሄዳ ዐሥር ዓመት ልትደፍን ጥቂት ቀርቷት ነበር። ሥራዋ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሕሙማንን መንከባከብ፣ ማጠብ፣ ማብላት ሲሆን በሰዓት 18 ዶላር ይከፈላታል። የልጆቿ አባት ከእርስዋ ጋር አይኖርም፤ ስለዚህ ጉዳይ እዚህ መግባት አልፈልግም። የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ ነበራት፤ አሁን ደግሞ ሴት ልጅ ተጨመረች። ሦስቱም የሚያድሩት በአንድ ያገራችን ሰው ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ እነርሱ ቤዝመንት በሚሉት፣ በአንዲት ክፍል ነበር። መስኮቷ ከመሬት እኩል ናት። ገንፎውን የማገነፋው የባለቤቶቹ ምግብ ከተሠራ በኋላ ተራ ጠብቄ ነው።

አራስ ቤት ገብተን ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደብዳቤ መጣ። እኅቴ ፖስታውን ከፍታ ካነበበች በኋላ "እትዬ፣ ደረሰኝ!" ብላ ሕፃኗን ይዛ ተነሣች። የደረሳት ሴክሽን ኤይት የሚባለው የኪራይ ድጋፍ ወረቀት፣ በተለምዶ ቫውቸር የሚሉት ነው። ስሟን በተራ ጠባቂዎች መዝገብ ካስመዘገበች ስድስተኛ ዓመቷ ነበር። ልጇ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ የተመዘገበችበት ተራ የደረሳት፣ ልጁ አራተኛ ክፍል ሲደርስ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይገባል።

በአሜሪካ መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች ቤት መሥራት የጀመረበት ዋናው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣ ነው። ይህ ሕግ እንዲወጣ ከደከሙት ሰዎች መካከል ካትሪን ባወር የተባለች ሴት ትገኛለች። አውሮፓ ተጉዛ መንግሥታትና ማኅበራት ለሠራተኛው ያሠሯቸውን ቤቶች ካጠናች በኋላ በ1934 ስለ ዘመናዊ የመኖሪያ ቤት መጽሐፍ ጻፈች፤ ሕጉ ሲረቀቅም እጇ አለበት። የሴቶች ስም በዚህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል ነው ያነሣሁት። በሕጉ መሠረት በየከተማውና በየወረዳው የቤቶች ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ገንዘቡን የሚሰጠው ማዕከላዊው መንግሥት ሲሆን ቤቱን የሚያሠራውና የሚያከራየው የአካባቢው መሥሪያ ቤት ነው።

ነገር ግን ድኾችን በአንድ ሥፍራ አከማችቶ ማኖር ችግር አመጣ። በሴንት ሉዊስ ከተማ ፕሩት አይጎ የተባሉ 33 ባለ 11 ፎቅ ሕንፃዎች በ1950ዎቹ ተሠርተው ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው በ1972 መፍረስ ጀመሩ። ጥገና አልነበራቸውም፤ አሳንሰሩ ይበላሻል፤ እናቶች ልጆቻቸው ምድር ወርደው ሲጫወቱ ከዐሥረኛ ፎቅ ሆነው መጠበቅ አይችሉም። ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ በ1974 ሌላ ሕግ ወጣ። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ መንግሥት ቤት ከሚሠራ ይልቅ ተከራዩ በገበያ ላይ ያገኘውን ቤት ይከራይ፤ እርሱ የሚችለውን ይክፈል፤ ልዩነቱን መንግሥት ለአከራዩ ይክፈል። ሴክሽን ኤይት የሚለው ስም የተገኘው ከሕጉ ክፍል ቁጥር ነው። ዛሬ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች በዚህ መንገድ ይኖራሉ።

"የሚችለውን" ማለት ምን ያህል ነው? ይህ በግምት አልተተወም። በ1969 ኤድዋርድ ብሩክ የተባሉ የማሳቹሴትስ ጥቁር ሴናተር ባቀረቡት ማሻሻያ፣ በመንግሥት ቤት የሚኖር ሰው ከገቢው 25 በመቶ በላይ ኪራይ እንዳይከፍል ተወሰነ። በ1981 ወደ 30 በመቶ ከፍ አለ፤ የቫውቸሩም ስሌት በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ገቢ ሲባል ግን ጥሬ ደመወዙ እንዳለ አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚቀነስ አለ፤ እናቲቱ ሥራ ስትሄድ ለልጅ ጠባቂ የምትከፍለውም ይቀነሳል። ይህን ስሰማ፣ ልጅ ማሳደግ ወጪ መሆኑን የተረዳ ሰው ሕጉን ከጻፉት መካከል እንደ ነበረ ገመትኩ።

የእኅቴን ሒሳብ አብረን በእርሳስ ሠርተነዋል። ወደ ሥራ ስትመለስ የዓመት ደመወዝዋ 37,440 ዶላር ነው። በጊዜው በነበረው ተመን ለሁለቱ ልጆች 960 ይቀነሳል። ሕፃኗን የምትይዝላት ያገራችን ሴት በወር 440፣ በዓመት 5,280 ዶላር ትቀበላለች፤ እርሱም ይቀነሳል። የቀረው 31,200 ነው። በወር 2,600 ይሆናል፤ ሠላሳ በመቶው 780 ዶላር ነው። ባለ ሁለት መኝታ ቤት መብራትና ውሃውን ጨምሮ 1,950 ዶላር ቢገኝ፣ መሥሪያ ቤቱ 1,170 ዶላር በቀጥታ ለአከራዩ ይልካል ማለት ነው። ያለ ድጋፉ ይህንኑ ቤት ብትከራይ ግብር እንኳ ሳይነሣለት ከደመወዟ ከስድሳ በመቶ በላይ ኪራይ ይበላው ነበር። ለምን ምድር ቤት ውስጥ እንደምትኖር የገባኝ ይህን ስደምር ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ ከመጣ ቤቱም መጣ ብዬ ነበር። እኅቴ ግን ደስታዋ ከሁለት ቀን አላለፈም። ቫውቸር ቤት አይደለም፤ ቤት ፈልገሽ ካገኘሽ ልዩነቱን እንከፍልልሻለን የሚል ቃል ነው። ቃሉም ቀን አለው። በአገሩ ደንብ የመፈለጊያ ጊዜው ቢያንስ ስድሳ ቀን ሲሆን እንደ ሁኔታው ሊራዘም ይችላል። በጊዜው ካልተገኘ ወረቀቱ ይቃጠላል፤ ተራው ለሌላ ይሰጣል። ስድስት ዓመት የተጠበቀ ነገር በስድሳ ቀን ሊጠፋ ነው። እርስዋ ደግሞ ገና አራስ ናት።

እናም በእኛ ደንብ ከቤት መውጣት የማይገባት አራስ፣ ሕፃኗን በጋሪ ይዛ፣ እኔ ቦርሳውን ተሸክሜ፣ በመጋቢት ብርድ ቤት ፍለጋ ወጣን። ጆሮዋን በነጠላ ሸፍኜ፣ "ብርድ ይገባሻል" እያልኩ መጨቃጨቄ አልቀረም። ልጁ ከትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት መመለስ ነበረብን። በባቡርና በአውቶቡስ ያልደረስንበት ሰፈር የለም።

በሜሪላንድ ከጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አከራይ ተከራዩን በቫውቸር ትከፍላለህ ብሎ እንዳይመልስ ሕግ ተደንግጓል። ስለዚህ በግልጽ "አንቀበልም" የሚል ብዙ የለም። "ትናንት ተከራየ" ይላሉ፤ ማስታወቂያው ግን በሳምንቱም ተለጥፎ ይገኛል። አንዱ የሕንፃ ቢሮ ገቢዋ የኪራዩን ሦስት እጥፍ መሆን አለበት አለ፤ የምትከፍለው 780 ሆኖ ሳለ ሦስት እጥፉን የሚያሰሉት በ1,950 ነው። ሌላው የብድር ታሪኳን አይቶ መለሳት። ማመልከቻ በገባ ቁጥር የማይመለስ የምርመራ ገንዘብ ይከፈላል፤ በአምስት ቦታ 45፣ 45 ዶላር ከፍላ 225 ዶላር በከንቱ ሄደ። ይህም በወለደችበት ጊዜ፣ ደመወዝ በሌለበት ወር ነው።

ደመወዝ በሌለበት ያልኩት በስሕተት አይደለም። በዚያ አገር የ1993ቱ የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ ለወለደች ሠራተኛ የሚሰጣት 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፤ እርሱም ሃምሳ ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለው ድርጅት ዓመት ለሠራች ብቻ ነው። አንዳንድ ግዛቶች የተሻለ ሕግ አውጥተዋል። እኛ ዘንድ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር እንደሚሰጥ ስነግራት እኅቴ አላመነችኝም። ከአገር የወጣችው ከዚህ አዋጅ በፊት ነውና አልፈርድባትም።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን ያገራችን ሰው የሆነ አንድ አከራይ የመለሰን መልስ ነው። ቤቱን አሳየን፣ ሻይ አጠጣን፣ ከየት ነሽ ተባባልን፤ ጎረቤታሞች ሆነን ተገኘን። ቫውቸር ስትለው ፊቱ ተለወጠ። "እኅቴ፣ መንግሥት ተቆጣጣሪ ልኮ ቤቴን እንዲበረብርብኝ አልፈልግም" አለ። በመንገድ ላይ እኅቴ አንድም ቃል አልተናገረችም። የሰውዬውን ፍርሃት ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም። ቤቱ በመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ሳይታይ ኪራይ መክፈል አይጀመርም። ሙቅ ውሃው፣ ማሞቂያው፣ የመስኮቱ መዝጊያ፣ የጢስ ማስጠንቀቂያው ሁሉ ይመረመራል። ሕንፃው ከ1978 በፊት የተሠራና በቤቱ ከስድስት ዓመት በታች ሕፃን የሚኖር ከሆነ፣ የተላጠ ቀለም መኖሩ ይታያል፤ የጥንቱ ቀለም እርሳስ ስለነበረበት ሕፃናት ልጣጩን ሲበሉ አእምሯቸውን ይጎዳል። ይህን አከራዩ እንደ ብርበራ ቢያየው፣ ለእናቲቱ ግን የቤቱ ደኅንነት ምስክር ነው።

በአርባ አንደኛው ቀን ተገኘ። ሦስት ፎቅ ያለው አሮጌ የጡብ ሕንፃ ነው፤ ኃላፊዋ በዕድሜ የገፉ የሄይቲ ሴት ናቸው። ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና፣ "መንግሥት በየወሩ በቀኑ ይከፍላል፤ ከዚህ የተሻለ ተከራይ የለኝም" አሉ። ሕፃኗን ተቀብለው ታቀፏት። የመጀመሪያው ምርመራ ግን ወደቀ፤ አንድ መስኮት አይቆለፍም፣ የአንደኛው ክፍል የጢስ ማስጠንቀቂያ ባትሪ የለውም። ሴትዮዋ እስኪያሠሩት ዘጠኝ ቀን ሄደ። እነዚያን ዘጠኝ ቀናት እኅቴ ሌሊት ሌሊት ሳትተኛ አሳለፈች፤ ጡቷም ቀነሰ፤ አጥሚት ባጠጣትም፣ ገንፎ ባበላትም ከሐሳብ ጋር አልሠራ አለ። ሁለተኛው ምርመራ አለፈ። ማስያዣውን ድጋፉ ስለማይሸፍነው ያገራችን ሴቶች በዕቁባቸው ተራቸውን ለቀውላት ከፈለች። የልጅቱን ክርስትና ያነሣነው በአዲሱ ቤት ነው።

በዚህ አሠራር ላይ ያለኝን ሐሳብ ልናገር። ብልኅነቱ ቤተሰቡ ሰፈሩን ራሱ መምረጡ ነው። ከ1994 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. በአምስት ታላላቅ ከተሞች 4,600 ያህል ቤተሰቦች በዕጣ ተለይተው፣ ከፊሎቹ ድኽነት ወዳልበዛበት ሰፈር እንዲዛወሩ የሚያስችል ቫውቸር ተሰጥቷቸው ነበር። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቻቸው በ2015 ባወጡት ጥናት፣ 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩ ልጆች በሃያዎቹ ዕድሜ ሲደርሱ ገቢያቸው ካልተዛወሩት በ31 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። ካደጉ በኋላ በተዛወሩት ላይ ግን ይህ ጥቅም አልታየም። ይህን ያነበብኩት ከተመለስኩ በኋላ ሲሆን፣ ወዲያው ያሰብኩት የእኅቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ መሆኑን ነው።

ጉድለቱ ደግሞ ትልቅ ነው። በዚያ አገር የምግብ ድጋፍ መሥፈርቱን ላሟላ ሁሉ ሲሰጥ፣ የኪራይ ድጋፍ ግን በጀቱ እስከሚበቃ ብቻ ነው። ከሚገባቸው አራት ቤተሰቦች የሚያገኘው አንዱ ያህል ነው። ሦስቱ በመዝገብ ላይ ይጠብቃሉ፤ በየምድር ቤቱ ያድራሉ። በእኅቴ አካባቢ ያለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ይህን አይቶ ሌላ መንገድም ጀምሯል፦ የካውንቲው የቤቶች ኮሚሽን ራሱ የሕንፃ ባለድርሻ ሆኖ ያሠራል። ሻዲ ግሮቭ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በ2023 የተከፈተው 268 ቤቶች ያሉት ሕንፃ የዚህ ውጤት ነው፤ ባለ ደኅና ገቢውና ዝቅተኛ ተከፋዩ በአንድ ደረጃ ይወጣሉ።

እኛስ? እኔ ያደግሁት በቀበሌ ቤት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው በቀበሌ፣ ከፍ ያሉት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ሥር ሆኑ፤ ኪራይም እንዲቀንስ ተደረገ። እናቴ በወር 12 ብር ትከፍል ነበር። ጣራው ሲያፈስ የሚጠግን ባይኖርም፣ በወሩ መጨረሻ ሆዷ አይባባም ነበር። የዛሬዋ ተከራይ እናት መሣሪያዋ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ነው፤ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ውላችሁን በጽሑፍ ያላደረጋችሁና ያላስመዘገባችሁ እኅቶች ካላችሁ ወደ ወረዳችሁ ሂዱ። ይህ አዋጅ አከራዩን ይገታል፤ መክፈል ያቃታትን እናት ልዩነት የሚሞላላት ግን የለም። በዚያ አገር ደግሞ ልዩነቱን ይሞላሉ፤ አከራዩ ስንት ይጠይቅ የሚለውን በብዙ ቦታ ለገበያው ይተዉታል። ሁለቱም በየፊናቸው ጎደሎ ናቸው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የእኅቴ የሥራ ባልደረቦች "ብዙ ከሠራሽ ኪራይሽ ይጨምራል፤ አርፈሽ ተቀመጪ" ይሏታል። እውነት ነው፤ ከጨመረችው ከእያንዳንዱ መቶ ዶላር ሠላሳው ለኪራይ ይሄዳል። ይሁንና በ1990 በወጣ ሕግ የተጀመረ፣ ቤተሰብ ራሱን እንዲችል የሚረዳ ፕሮግራም አለ። የአምስት ዓመት ውል የፈረመች እናት ደመወዟ ሲጨምር ኪራይዋ ይጨምራል፤ መሥሪያ ቤቱ ግን በጭማሪው ልክ በስሟ በተከፈተ የቁጠባ ሒሳብ ያስቀምጥላታል። ውሉን ስትፈጽም ትቀበለዋለች። ይህን ብዙዎቹ ያገራችን ሴቶች አያውቁትም፤ ከሴክሽን ኤይት መሥሪያ ቤታቸው ቢጠይቁ መልካም ነው።

እኅቴ ፈርማለች። ለአረጋውያኑ መድኃኒት ለመስጠት የሚያበቃውን ሥልጠና ሌሊት እየሠራች ቀን ተማረችና በሰዓት 20 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሆነላት። ኪራይዋ ከ780 ወደ 910 ወጣ። ልዩነቱ 130 ዶላር በየወሩ ይቀመጥላታል። በዐሥረኛው ወር የሒሳቡን ወረቀት ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ፤ 1,300 ዶላር ይላል። ከሥሩ ልጅዋ በእንግሊዝኛ የጻፈው ነገር አለበት፤ ምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ በዚያ ገንዘብ ምን ምን እንደሚገዛ የዘረዘረበት መሆኑን ነገረችኝ። የሦስተኛው ተራ ቁጥር ለእኔ የአውሮፕላን ቲኬት ነው።